አንድ ግለሰብ

ምንጭ የሚያደርቅ ሰው ምን ዓይነት ይመስላችኋል? እኔ ቀንድ ያበቀለ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ይዤ ከእንጅባራ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ምንጭ ወረድሁ። ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለክተው ሒሳቡን ሠሩ፤ ምንጯ ደክማለች። እኔም ባሕር ዛፍ ውኃ ጠጥቶ እንደማይጠግብ ድምፄ እስኪዘጋ አስተማርሁ። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? ለአማርኛ ትምህርት ይሆናል ብዬ፣ ውኃ የሚቀዱ አንዲት እናትን ጠይቀው መልሱን እንዲጽፉ አዘዝሁ።

«እማማ፣ ከምንጩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ የማን ነው?» አለች አንዷ ተማሪ።

«የእኒህ የመምህሩ አይደል እንዴ?» አሉ እማማ፣ እኔን እያዩ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ዞረች። «ቲቸር፣ ስምዎን ልጻፍ?»

«የለም፤ ‹አንድ ግለሰብ› በይ።»

ጻፈች። ዓይኗን ሳላይ አሥር ከአሥር ሰጠኋት።