የእባቡ ዘር ማንዘር

ሰው በገዛ ቤቱ ስንት ነፍስ እንዳለ ሳያውቅ ይኖራል? እኔ እንኳን ነፍስ፣ እዚህ ፈረንጅ አገር ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ ውስጥ የበሩትን አምፖሎች ቆጥሬ ነው የምተኛው። ልጄ ማህሌት ግን ከቤቱ ስር ያለውን ቤዝመንት እባብ ማርቢያ አድርጋው ኖሯል! መርዝ የላቸውም አለችኝ። ይህም ማጽናኛ ሆነና ተውኳት።

ታላቅ እህቴ እታለማሁ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ስትል ግን ቆረጥኩ። ትል አይታ የምትጮህ ሴት ናት። ሳትገባ ሁሉም ይውጡልኝ አልኩ። ማህሌት ሸጠች፣ ሸጠች፣ አንድ ቡናማ ቀረ።

እህቴ ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከውድብሪጅ አንድ የኛው ጎረምሳ ሊገዛው መጣ። ነጭ እባብ ማርባት ይፈልጋል። ማህሌት ምን ብትለው ጥሩ ነው? የእባቡ አያት ነጭ ነበር፣ በዘር የሚወርደው የነጭነቱ ጂን ግን በዚህኛው ውስጥ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ጋራንቲ አልሰጥህም!

ላይኖርም ይችላል? እኔ እዚሁ አጠገባችን ባለው አሌክሳንድሪያ ያገለገለ መኪና ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ላይነሳም ይችላል» ብሎ መኪና የሸጠ ሰው አይታችኋል? ገበያው ሊያመልጠን ነው ብዬ ዘው አልኩ።

«ስማ ልጄ፣ ዘሩ የጠራ ነው። ባዕድ አልገባበትም።»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለች ማህሌት። «አባትና እናቱ ወንድምና እህት ናቸው።»

ወንበር ፈለግኩ። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች! እኔ ፎቅ ላይ ውዳሴ ማርያም ስደግም፣ ከእግሬ ስር ወንድም ከእህቱ... ኧረ በስመ አብ!

«ማሂ፣ ይሄ ለሰው ይነገራል?» አልኳት በጆሮዋ።

«አባዬ፣ የሚገዛው ሰው ማወቅ አለበት።»

ጎረምሳው ሳቀ። «ጋሼ፣ እስካሁን ያናገርኳቸው ሁሉ መቶ ፐርሰንት ነው ያሉኝ። እርግጠኛ አይደለሁም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» አለና ከፍሎ ወሰደው።

ከእባቡ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ። ለካ እውነት መናገርም ገበያ አለው!

በማግስቱ እህቴን ከኤርፖርት ሳመጣት እኔም ልሞክረው አልኩ። እባቦቹን፣ ወንድምና እህቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ወጥተው የለ፣ ምን ትለኛለች?

አማተበች። «እባቡስ የእግዜር ፍጥረት ነው። ወንድምና እህት የወለዱበት ቤት ግን አላድርም። አንተ፣ መኪናውን አዙር!»

ይኸው ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ቁርሱን ወዳዋለች። ማን እንደሚከፍል ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም። እውነት መናገር አቁሜያለሁ።