የአያ ወንዳወቅ ክንድ

በየገበያው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ራሱ ምንም አይገዛም፣ ያለ እሱ ግን የሚገዛ የለም። የሰቆጣው አያ ወንዳወቅ ናቸው። እግዜር ቁመታቸውን ከሰው እኩል አደረገ፤ ክንዳቸው ላይ ሲደርስ ግን ለገሰ።

ለሠርግ ጨርቅ ሊገዛ የተነሣ ሁሉ፣ ከአምደወርቅም ይምጣ ከፃግብጂ፣ አስቀድሞ እሳቸው ደጅ ይቆም ነበር። ጨርቅ የሚሸጠው በክንድ ነዋ። ሻጭ የአንዱን ክንድ ዋጋ ይቆርጣል፤ የማን ክንድ እንደሆነ የሚያውቀው ግን አያ ወንዳወቅ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ነው።

ሶስና በገበያው ዳር ባለች ሱቋ አቡጀዲና የቀሚስ ጨርቅ ስትሸጥ ጠጉሯ ሸበተ፤ ግማሹን ሽበት ያመጡብኝ እሳቸው ናቸው ትላለች። አንድ ጊዜ እጀ አጭሩን የአጎቷን ልጅ አስማረን አምጥታ እሱ ይለካ አለች። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ፣ ሽማግሌዎቹም የገዢ ክንድ ይጸናል ብለው ፈረዱ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ልጆቻቸውን የዳሩት በአያ ወንዳወቅ ክንድ መሆኑን የሰማችው ኋላ ነው። ባማረረች ቁጥር የእሳቸው መልስ አንድ ነበር።

«እኔ አልሠራሁት። ቅር ካለሽ ለሠሪው ንገሪው።»

ለድካማቸው ምንም አይቀበሉም። ሠርጉ ላይ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ተቀምጠው፣ የሙሽራዋ ቀሚስ መሬት ሲጠርግ እያዩ ያ ጫፉ የእኔ ነው ማለት ይበቃቸዋል። ሚስታቸው ሞታ፣ ልጆቻቸው ሩቅ አገር ሄደው ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰው የሠርግ ጥሪ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ሜትር መጣ። ክንድ ቀርቷል ተባለ፤ ለየሱቁ የብረት ሜትር ታደለ። ሶስና እልል አለች። አያ ወንዳወቅ ብረቱን አገላብጠው አዩና የማን ክንድ እንደሆነ ጠየቁ። የማንም አይደለም ቢሏቸው፣ የማንም ባልሆነ ክንድ እንዴት ይለካል ብለው ሄዱ። ገበያተኛው ጥቂት አጉረመረመ፣ ኋላ ለመደ። ለግዢ የሚጠራቸው ጠፋ፤ ግዢው ላይ ያልነበረ ሰው ደግሞ ሠርጉ ላይም ይረሳል።

ሶስና አሁን ልክ በልክ ትሸጣለች፣ ገዢውም ልክ በልክ ወስዶ ይሄዳል። የሚጣላት የለም፣ ተጣልቶ የሚታረቃትም የለም። ደስ ሊላት ሲገባ ቀኑ ይረዝምባት ጀመር። እኒያ ሰውዬ ናፈቋት፤ ለሰው ብትናገር ይስቁባታል።

የልጇ የትግስት ሠርግ ሲደርስ የሙሽራው ወገኖች የጥሎሽ ጨርቅ ሊገዙ መጡ። ዘመድ ሊሆኑ ነውና ሌላ ሱቅ አልሄዱም። ሶስና ሜትሩን ከመደርደሪያው ሥር ከተተችና አያ ወንዳወቅ ካልለኩ አልሸጥም አለች። ሰዎቹ ሳቁ፤ ሻጭ በራሷ ላይ ስትፈርድ አይተው አያውቁም። እሷ ግን ራሷ ቤታቸው ሄዳ ይዛቸው መጣች።

ክንዳቸውን ጨርቁ ላይ ሲያጋድሙ ደነገጠች። ቁርጥማት ጣቶቻቸውን ወደ መዳፋቸው አጥፏቸዋል። ያ ክንድ ከአስማረም ክንድ አጥሯል። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጠይቃቸው ብላ ራሷን ወቀሰች።

እሳቸውም አይተውታል። «ሜትርሽን አምጪው፣ ሶስና» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅቱ ይጎድልባታል።»

«አይጎድልባትም። ሠርጉ ላይ ደግሞ የሚቀመጡት ከእኛ ወገን ነው፣ አያ።»

ክርናቸውን ከጨርቁ ጫፍ ጋር አስተካከለች። ከዚያ የታጠፉትን ጣቶች፣ እንዳያማቸው እየደገፈች፣ አንድ በአንድ ዘረጋች፤ የመሃለኛው ጣት ጥፍር ከሚደርስበትም ጥቂት አለፍ ብላ በጠመኔ አሰመረች።

«አንድ» ብላ ቆጠረች።