ከመኪና ወርዶ ፖሊስን እጅ ስለ መንሳት የተደረገ ስብሰባ

ቀንና ቦታ፦ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሜስኪት በተባለችው የአሜሪካ ከተማ፣ በወይዘሮ ወሰንየለሽ ኃይለ መስቀል ሳሎን። ስብሰባው የተጀመረው በጸሐፊው ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ፣ በሃይሚ ስልክ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱም ልክ መሆናቸው ከብዙ ክርክር በኋላ ተረጋግጦ ወደ ሥራ ተገብቷል።

የተገኙ አባላት፦

1. ወ/ሮ ወሰንየለሽ፣ ሰብሳቢ። የጸሐፊው ልጅ ስትሆን፣ ሥራዋ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ሽማግሌ ሲዋሽ ከሩቅ ታውቃለች።
2. አቶ ኖላዊ፣ የሰብሳቢዋ ባለቤት። ዩለስ ከተማ በኩል ባለው ኤርፖርት ጭነት ክፍል ሌሊት ሲሠራ አድሮ የመጣ።
3. ሃይሚ ኖላዊ፣ የሁለቱ ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ። አማርኛ ትሰማለች፣ ሲያሻት ትናገራለች።
4. አቶ ሀሩን፣ የጸሐፊው ወዳጅና የሦስት ቤት ጎረቤት። ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሰው በጸሐፊው መኪና ነው። የተጠራው ለምስክርነት ነው።
5. አቶ ኃይለ መስቀል፣ ተከሳሽና ጸሐፊ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ኖላዊ ሶፋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ስለተገኘ እንደ ግማሽ ሰው ተቆጥሯል። ከአምስቱ አራት ተኩል በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ስለ ጸሐፊው፦ ተከሳሽ የራሱን ክስ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ከሃይሚ ተነስቷል። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል «ምልዓተ ጉባኤ» ብሎ መጻፍ የሚችል ሌላ ሰው ባለመገኘቱ፣ ተከሳሹም በማዘጋጃ ቤት የሌላውን ሰው ጭቅጭቅ ሲጽፍ የሸበተ በመሆኑ ሹመቱ ጸድቋል። በስብሰባ ወግ መሠረት ሰብሳቢዋ፣ ምንም እንኳ ጸሐፊው ዳይፐር የቀየረላቸው ቢሆኑ፣ እስከ መዝጊያው ድረስ አንቱ ይባላሉ።

አጀንዳ 1፦ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ስለ ታየው ከልክ ያለፈ ጨዋነት

ሰብሳቢዋ እንዳስረዱት፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጸሐፊው አቶ ሀሩንን ወደ እጥበት ይዞ ሲሄድ በአራቱም በኩል የስቶፕ ምልክት ካለበት መስቀለኛ መንገድ ደርሷል። የአገሩ ሕግ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይሄዳል፣ እኩል ከደረሱ በቀኝ ያለው ይቀድማል። ጸሐፊው ቀድሞ ቆሟል። መሄዱን ግን ለሌላው ትቷል።

ጸሐፊው በበኩሉ አዲስ አበባ እያለ የመኪናውን አፍንጫ ቀድሞ ያስገባ ሰው እንደሚያልፍ፣ እሱም በአፍንጫ ማስገባት ከማንም እንደማያንስ ገልጾ፣ ሰው አገር ሲመጣ ግን ጠባይ ለማሳመር ቆርጦ መነሣቱን ተናግሯል። ስለዚህ በግራ ለቆመችው ሴትዮ በእጁ «እለፊ» አላት። ሴትዮዋም በእጇ «አንተ እለፍ» አለችው። ጸሐፊው «ኧረ በሞቴ!» አለ። መስኮቱ ዝግ ስለነበር በሞቴው አልደረሰም፤ ሴትዮዋ ግን አለፈች። ከፊት የቆመው ፒክአፕ፣ በቀኝ የነበረው የቧንቧ ሠራተኛ፣ ከአንድ መኪና በቀር ከእነሱ ኋላ የመጡትም ሁሉ በጸሐፊው መልካም ፈቃድ አለፉ።

ምስክሩ አቶ ሀሩን፣ «ያን ዕለት ጠዋት በዚያ መንገድ ያላለፍን እኛ ብቻ ነን» ብሏል። ከኋላ የቆሙት ጥሩምባ ሲነፉ ጸሐፊው ምን አደረገ ተብሎ ሲጠየቅም፣ «ሰላም ያሉት መስሎት እጁን እያውለበለበ መለሰላቸው። አንዱን እንዲያውም ከቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ አለኝ» ሲል መስክሯል። ጸሐፊው ምስክርነቱ ወዳጅነትን ያላገናዘበ ነው በማለት ተቃውሟል።

ሃይሚ ቀጥላ፣ «አባባ፣ ዝም ብለህ ሂድ! ማለቴ፣ ተራህ ከሆነ ተራህ ነው። ማንም አይቀየምህም» አለች። ጸሐፊው የማይቀየም ሕዝብ በምን እንደሚተዳደር እንዲብራራለት ጠየቀ። ኖላዊ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን አውጥቶ ድጋፉን ሰጠ። የትኛውን ሐሳብ ነው የምትደግፈው ሲባል፣ «ቶሎ የሚያልቀውን» አለ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ጸሐፊው መኪና ውስጥ ሆኖ ለማንም ጨዋነት እንዳያሳይ፣ ያለውን ጨዋነት ሁሉ ቤት ውስጥ እንዲጨርስ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰብሳቢዋ ቤት ውስጥም እስካሁን ብዙ እንዳልታየ ለማስታወሻ ያህል አስመዝግበዋል።

አጀንዳ 2፦ ፖሊስን ወርዶ ስለ መቀበልና ስለ መኪናው ቁልፍ

ከላይ በተጠቀሰው መስቀለኛ መንገድ ጸሐፊው በእጁ «እለፍ» ካላቸው መካከል አንዱ የፖሊስ መኪና ነበር። የፖሊሱ መኪና አላለፈም። ዞሮ ከኋላ መጥቶ ቀይና ሰማያዊ መብራቱን አበራ። ጸሐፊው ፍሬቻ አሳይቶ ጥጉን ይዞ ቆመ። እስከዚህ ድረስ ምንም ጥፋት እንደሌለ ሰብሳቢዋም አምነዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጸሐፊው ሐሙስ ማታ ለቤተሰቡ ሲያወራ፣ «ፖሊሱ ሰር ብሎ አሰናበተኝ» ብቻ ነበር ያለው። የቀረውን ዛሬ ምሳ ላይ ያወጣው አቶ ሀሩን ነው። ጸሐፊው በሩን ከፍቶ ወርዷል። ባርኔጣውን አውልቋል። በግራ እጁ ባርኔጣውን ይዞ፣ ቀኝ እጁን ለወረቀት ፍለጋ ኮቱ ውስጥ ከትቶ፣ ጎንበስ ጎንበስ እያለ ወደ ፖሊሱ ሄዷል። ፖሊሱ ጮኸ። ጸሐፊው ስላልሰማው፣ ለመስማት ቀረብ አለ።

ምስክሩ፦ «የዚህ እጅ ኮቱ ውስጥ፣ የልጁ እጅ ወገቡ ላይ። ልጅ ነው እኮ ፖሊሱ። እኔ ከውስጥ 'አንተ ሰውዬ ተመለስ!' እያልኩ እጮሃለሁ፤ ይሄ ደግሞ ዞሮ 'ቆይ ሰላም ልበለው' ይለኛል። ከኮቱ የወጣው ወረቀት መሆኑን አይቶ ነው ልጁ የለቀቀን።»

ጸሐፊው መከላከያውን አቅርቧል። አዲስ አበባ ትራፊክ ሲያስቆም ሹፌር ይወርዳል፣ ሄዶ ሰላም ይላል፣ ትንሽ ይለማመጣል። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የጠበቀ ሰው እንደ ጥጋበኛ ይቆጠራል፣ ቅጣቱም እንደ ጥጋቡ ይሆናል። ኖላዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። «አባባ፣ እዚህ አይወረድም። ቁጭ ብለው ሁለት እጅዎን መሪው ላይ። ወረቀቱንም ሲጠይቅዎ ነው የሚያወጡት» አለ። ጸሐፊው ይህን እንደሚያውቅ፣ በመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናው ላይም መጥቶለት በትክክል መመለሱን ተናገረ። ታዲያ በተግባር ፈተናው እንዴት አለፍክ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ፈታኟ አጠገቡ ተቀምጣ ስለነበር የሚነሣላት ምክንያት እንዳልነበረ አስረድቷል።

የመፍትሔ ሐሳቦች ቀርበዋል። ሃይሚ ከመኪናው ኋላ «ይህ ሰው ጨዋ ነው፣ አትተኩሱ» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍ አሳሰበች። አቶ ሀሩን፣ ጸሐፊው ወርዶ ጽሑፉን ለፖሊሱ እንዳያነብለት እሰጋለሁ በማለቱ ሐሳቡ ወድቋል። ኖላዊ በልጆች መቆለፊያ በሩ ከውስጥ እንዳይከፈት ይደረግ አለ። መቆለፊያው ያለው በኋላ በሮች ብቻ መሆኑ ሲነገረው፣ «እንግዲያው አባባ ኋላ ይቀመጡ» አለ። ማን እንደሚነዳ ሳይወሰን ኖላዊ ተመልሶ አንቀላፍቷል።

በዚህ ጊዜ ሰብሳቢዋ፣ «አባዬ፣ አንተ ስታወራው የምትስቀው ባርኔጣው ላይ ነው። እኔ ከምሳ ጀምሮ የሚታየኝ ኮትህ ውስጥ የገባው እጅህ ነው» አሉ። ቀጥለውም ሥራ ላይ ሆነው ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ምን እንደሚያስቡ ተናገሩ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ስለነበር ይህ ክፍል አልተመዘገበም።

አቶ ሀሩን ለራሱ ጉዳይ የመናገር ዕድል ተሰጥቶት፣ ከዚህ ቀደም ወደ እጥበት የሚወስደው ቫን ቀርቶበት እግሩ እስኪያብጥ ቤት መዋሉን፣ ቫኑ ሲመጣም ማሽኑ ላይ ተጋድሞ የሚያናግረው ሰው እንደሌለ፣ ኃይለ መስቀል ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ እስኪያልቅ ድረስ ሲያናድደው ስለሚውል ሰዓቱ እንደማይታወቀው ገለጸ። «ቢሆንም ቁልፉን ውሰጂበት ልጄ። እኔ በቫን እሄዳለሁ። ይሄን ሰውዬ በኔ ምክንያት አልቀብርም» አለ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ የመኪናው ቁልፍ በሰብሳቢዋ እጅ እንዲቆይ፣ አቶ ሀሩንም ከማክሰኞ ጀምሮ በቫን እንዲሄድ በሦስት ድምፅ ተወስኗል። አንድ ድምፅ ተኝቷል። የጸሐፊው ድምፅ በጥቅም ግጭት ምክንያት አልተቆጠረም። ጸሐፊው ቁልፉን ሲያስረክብ መያዣውን ለማስቀረት ሞክሮ ተይዟል።

አጀንዳ 3፦ የጸሐፊው ይግባኝ

ጸሐፊው በፖሊስ ፊት ቁጭ ማለት እንደሚችል በተግባር እንዲያሳይ ዕድል ጠይቆ ተፈቅዶለታል። ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ጎን ለጎን ተደርገው መኪና ተብለዋል። ለመሪ የድስት ክዳን፣ ለቀበቶ የሰብሳቢዋ ነጠላ ተሰጥቷል። አቶ ሀሩን በተሳፋሪ ወንበር ተቀመጠ። ኖላዊ ተቀስቅሶ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ፖሊስ ሆነ።

የመጀመሪያ ሙከራ፦ ኖላዊ ከኋላ ሲመጣ ጸሐፊው ተነሣ። ነጠላው በደንብ ታስሮ ስለነበር የተነሣው ከነወንበሩ ነው።

ሁለተኛ ሙከራ፦ ጸሐፊው እንደማይነሣ በልጁ ስም ምሎ ጀመረ። ኖላዊ ሲደርስ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ክዳኑ በአቶ ሀሩን እግር ላይ ወደቀ። ምን ነካህ ሲባል፣ ሰው ቆሞ እያየ ወገቡ እንደማያስቀምጠው፣ ይህን ያስተማሩት አባቱ መሆናቸውን፣ ያስተማሩትም በቃል ብቻ እንዳልነበረ ተናገረ። ሰብሳቢዋ ይግባኙን ለመዝጋት ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

ሦስተኛ ሙከራ፦ ይህ ያልተፈቀደ ነበር። ኖላዊ ወደ ሶፋው ሊመለስ በመኪናው በኩል ሲያልፍ ጸሐፊው እንደ ልማዱ «ኖር!» ብሎ ብድግ ማለት ጀመረ። አቶ ሀሩን በወንበር መገጨት ሰልችቶት፣ «በእግዜር! ኧረ ባላህ! ይቀመጡ!» ብሎ ጮኸ። ጸሐፊው ተቀመጠ።

ሃይሚ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። እናቷ አስረዷት። ሰው ሲመጣ የተቀመጠው «ኖር» ብሎ ይነሣል፤ መጪው «በእግዜር» ሲለው መልሶ ይቀመጣል። ያ ካልተባለ ቆሞ ይቀራል። ሃይሚ፣ «ሶ፣ አባባ የሚቆመው ፖሊሱ ፓስወርዱን ስላላለ ነው?» አለች። ኖላዊ የሜስኪት ፖሊስ ይህን በሥልጠና እንደማይወስድ ጠቆመ። አቶ ሀሩን ግን፣ «ባለቤቱ ካላለ በውክልና ይባላል። እኔ ምን ሥራ አለኝ? ዝም ብዬ አይደል የምቀመጠው?» አለ። ጸሐፊው በማዘጋጃ ቤት ዘመኑ ብዙ ውክልና ያየ ቢሆንም፣ ለፖሊስ ሰላምታ የተሰጠ ውክልና ግን ሲያጋጥመው የመጀመሪያው መሆኑን መዝግቧል።

ሰብሳቢዋ ይህን አላመኑም። ስልኩን ከኖላዊ ተቀብለው ራሳቸው ከኋላ መጡ። ሳያስጠነቅቁ፣ በማናውቀው ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ «እጅህን አሳየኝ!» ብለው ጮኹ። የጸሐፊው ወገብ ተንቀሳቀሰ። አቶ ሀሩን ወደ ጆሮው ዘንበል ብሎ፣ በቀስታ፣ ወዳጅ ለወዳጅ በማይናገረው አንቱታ፣ «በእግዜር ጋሼ። አይነሡ» አለው። ጸሐፊው አልተነሣም። ሁለት እጁም ክዳኑ ላይ ነበር።

ሰብሳቢዋ መብራቱን እጆቹ ላይ እንዳበሩ ቆዩ። ከዚያም፣ «እንደገና» አሉ። እንደገና ተደረገ። በጎን መጡ፣ ዝም ብለው መጡ፣ የወንበሩን መደገፊያ እየደበደቡ መጡ። ሃይሚ «ማም፣ ኢነፍ፣ በቃ» እስክትላቸው ድረስ። ጸሐፊው ቁጭ እንዳለ ነው። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ መስኮት በተባለው ቦታ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «መንጃ ፈቃድ» አሉ በአማርኛ። ጸሐፊው፣ «እጄን ኮቴ ውስጥ ልክተት ወይ?» ብሎ መጀመሪያ ጠየቀ። ሰብሳቢዋ «ክተት አባዬ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 ጨዋነት መኪና ውስጥ ተከልክሎ የነበረ ቢሆንም፣ ጸሐፊውን ወንበሩ ላይ ያዋለው ያው ጨዋነት መሆኑ ስለታየ ክልከላው ተሽሯል። በአጀንዳ 2 የተያዘው ቁልፍ ተለቅቋል፣ ቫኑም ቀርቷል። በጠቅላላው ጉባኤው ዛሬ የወሰነውን ሁሉ ዛሬውኑ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በአምስት ሙሉ ድምፅ ወስኗል፤ ኖላዊ ነቅቶ ነበር።

ሆኖም አቶ ሀሩን አጠገቡ ሳይቀመጥ የጸሐፊው መኪና ከቆመችበት አትነቃነቅም። ለዚህ ማስተማመኛ እንዲሆን ሰብሳቢዋ ቁልፉን በሕይወት ዘመኑ መሪ ጨብጦ ለማያውቀው ለአቶ ሀሩን አስረክበዋል። እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ «ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ጠብቀኝ፣ እንዳታረፍድ» ሲል አዟል። ጸሐፊው በዚህ ላይ ያለውን ብርቱ ተቃውሞ ለመመዝገብ ብዕሩን ሲያነሣ፣ ሰብሳቢዋ ስብሰባውን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘግተዋል።