በሞቴ ያልኩበት ዳገት

…ኧረ ወገቤስ ለምዶታል፣ እሱን ተወው። ድንጋይ አያሽሟጥጥህም፤ ታነሳዋለህ፣ ታስቀምጠዋለህ፣ አለቀ። እኔን የጨረሰኝ የሰው ነገር ነው። የኛ ሰው የሚፈልገውን በአንድ ቃል ተናግሮ ያውቃል? እስቲ አንተው ፍረድ። እንግዳ ቤትህ ይገባል፣ ረሃቡ ፊቱ ላይ ይታይሃል፣ «ብላ» ስትለው «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ምን ታደርጋለህ? እሺ ብለህ ገበታውን ታነሳበታለህ? አንሳበትና ሰፈር ትለቃለህ። «በሞቴ» ትላለህ። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይልሃል። «አፈር ስሆን» ትላለህ። ሦስተኛው ላይ እጁን ይታጠብና ከባለቤቱ የባሰ ይበላል። አንተም እኔም እንዲህ ነው ያደግነው። እምቢታ ለኛ መጋረጃ ነው፣ በር አይደለም። ገለጥ አድርገህ ትገባለህ።

እሺታችን ደግሞ የባሰ ነው። «እሺ፣ ሰኞ እመጣለሁ» ያለህን ሰው ሰኞ ቁጭ ብለህ ጠብቀህ ታውቃለህ? እኔ አልጠብቅም። ራሴም ስለማልሄድ።

ምነው ይሄን ሁሉ ታወራልኛለህ አትበለኝ፣ ወደ ነገሩ እየመጣሁ ነው። ጊዜ አለኝ። ከቁስቋም በታች አንድ ሰውዬ ግቢውን በድንጋይ እያሳጠረ ነው፣ እዚያ ነው የምሠራው። ዛሬ ባሬላ ከኔ ጋር የሚይዘው ልጅ ቀረ። ባሬላ እንደምታውቀው ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ብቻህን ብትይዘው የምትጎትተው ሣንቃ ነው። ፎርማኑ ሰው እስኪያመጣልኝ አሸዋ ላይ ተቀምጬ ነው በስልክ የማዋራህ።

መምህር አዳነን ታስታውሳቸዋለህ አይደል? ሒሳብ ያስተማሩን፣ ጠመኔ እንደ እርሳስ ጆሯቸው ላይ የሚሰኩት? ጡረታ ወጥተው እዚህ ጎንደር፣ አራዳ ነው ያሉት። የሳይክል ቡድን ገብተዋል ብልህ አታምነኝም። ልጆቹ በሙሉ ጎረምሶች ናቸው፣ ጠባብ ቁምጣ አድርገው እሁድ እሁድ አዘዞ ወርደው የሚመለሱ። መሃላቸው እሳቸው አሉ፣ ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከትተው፣ በኮት። በኮት እልሃለሁ።

ይሄ ቡድን ታዲያ የኛን ትምህርት ቤት አሰበ። ንፋስ የስምንተኛ ክፍልን ጣሪያ ገንጥሎ ወስዶት የለ? ተማሪዎቹ ደመና ባዩ ቁጥር ደብተራቸውን ሆዳቸው ውስጥ ከትተው ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ አሉ። ቡድኑ ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ድረስ በሳይክል ወጥቶ የቆርቆሮ መግዣ ሊያሰባስብ ተነሳ። ለጎረምሶቹ ባለሱቁም ባለሆቴሉም ገንዘብ ቃል ገባ። ለመምህር ቃል የገቡት ግን ያስተማሯቸው ልጆች ናቸው፣ ዶክተር የሆነውም ነጋዴ የሆነውም፣ በየአገሩ የተበተኑት። ቃላቸው ቀልድ ይመስላል። መምህር ያን ሁሉ ዳገት በገዛ እግራቸው ከወጡ፣ ማኪና ሳይነካቸው አምባ ጊዮርጊስ ከገቡ፣ ጣሪያው በኛ ነው አሉ። እሳቸው ክፍል ውስጥ «መልሱን ማንም ይቀዳል፣ እንዴት እንደደረስክበት አሳየኝ» እያሉ አሳራችንን አላበሉንም? ልጆቹ እሱን ነው የመለሱላቸው።

እኔ ይሄን ቃል አልሰማሁም ነበር። ምነው አልሰማህም በለኝ። ተደብቄ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ጫኔ የሚባል የጭነት ማኪና ሹፌር አለ፣ አልፎ አልፎ ለጭነት ይጠራኛል። ከሳይክለኞቹ ኋላ እየተከተልክ ውኃ ማደል፣ የተበላሸ ሳይክል መጫን፣ «ሸጋ ሥራ ነው፣ እንደ ድንጋይ አይደለም» አለኝ። ጠዋት የነገሥታቱ ግንብ አጠገብ ስንደርስ መምህር አዳነ የሳይክላቸውን ጎማ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ቆመዋል። እኔ ምን አደረግኩ? የጭነቱ ሸራ ሥር ገባሁ። ውኃ የምደረድር መሰልኩ። አንዲት ልጅ በድምፅ ማጉያ የጉዞውን ሕግ ታስረዳለች፣ እኔ የሰማሁት ጭብጨባውን ብቻ ነው።

ለምን እንደተደበቅኩ አንተ ግማሹን ታውቃለህ። አባቴ የሞተ ጊዜ ትምህርት ሳቆም መምህር ሦስት ቀን በእግራቸው ቤታችን ድረስ ተመላልሰዋል። ሦስቱንም ጊዜ ከጎታው ኋላ ነበርኩ። እናቴ «ገበያ ወርዷል» ትላቸዋለች፣ እኔ የጎታው ጭቃ አፍንጫዬ ውስጥ እየገባ ማስነጠሴን እይዛለሁ። ጠላ ስትቀዳላቸው «ተይ፣ አልጠጣም» አሉ። በሞቴ አለች። «ኧረ ተይ» አሉ። አፈር ስሆን አለች፣ ቆመው ጠጡት። ልብ በልልኝ፣ የሳቸው እምቢታም እንደ ሰው ሁሉ መሆኑን በገዛ ጆሮዬ አረጋግጫለሁ። ሦስተኛው ቀን ሲወጡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሲመለስ ወንበሩ አለ በይው» አሏት። እንዲያ የጮኹት እናቴ ስላልሰማች ነበር የመሰለኝ።

በቃ እንዲህ ሆነን ተነሳን። ወለቃ ላይ ሸክላ ሻጮቹ አጨበጨቡልን። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ፣ ጎረምሶቹ እንደ ጥይት ተፈተለኩ፣ መምህር ወደ ኋላ ቀሩ። የኛ ማኪና ደግሞ ሥራው የመጨረሻውን ሰው መከተል ነው። አስበው እንግዲህ፤ አገር ሙሉ መንገድ እያለ እኔ ከሳቸው ጀርባ፣ ፊቴን በሻሽ ጠቅልዬ፣ ውኃ ሳቀብል እንኳ አንገቴን አዙሬ። «ጥርስህን አሞሃል?» አሉኝ አንዴ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ኮሶዬ ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ጉልበታቸው አለቀ። ወረዱና ሳይክሉን በእጃቸው እየገፉ መውጣት ጀመሩ። ንፋሱን ታውቀዋለህ፣ ኮታቸውን እንደ ባንዲራ ያራግበዋል። አሥር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። አንዲት እናት አህያቸውን እየነዱ ሲወርዱ መምህርን አዩ፣ ቀና ብለው ጭነቱ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አዩ።

«ምነው አንተ፣ ሽማግሌው እየገፉ አንተ እንደ ጆንያ ተጭነህ ትሄዳለህ?»

ይሄን ሰምተህ አንተ ትቀመጣለህ? ዘልዬ ወረድኩ። ሳይክሉን ያዝኩ።

«ያምጡት መምህር።»

«ተው» አሉ። ትንፋሽ የላቸውም፣ ከዚህ በላይ የሚናገሩበት አቅም አልነበራቸውም።

በሞቴ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጀታውን አልለቅም አሉ። አፈር ስሆን አልኳቸው። እንደገና «ተው…» ብለው ሊጨምሩ ሳል ያዛቸው። ሦስተኛው ነው፣ በቃ፣ ሥርዓቱ ሞላ። ሳይክሉን ከእጃቸው ነጥቄ ጭነቱ ላይ ወረወርኩት፣ እሳቸውን ብብታቸው ሥር ይዤ ጋቢና አስገባሁ። ቀላል ናቸው፣ ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ አይሆኑም። አያ ጫኔ በጠዋቱ ሕጉ ሲነገር መሪው ላይ ተኝቶ ነበርና «ሸጋ አደረግህ» አለኝ፣ መስኮቱን ዘጋላቸው፣ ነዳ።

ሦስት ጠመዝማዛ ወጣን። እውነቱን ልንገርህ፣ ጭነቱ ላይ ሆኜ የሳይክሉን ጎማ ይዤ ስሄድ ደስ አለኝ። ለመምህር አዳነ አንድ ነገር አደረግኩላቸው አልኩ። የሦስቱን ቀን መንገድ የከፈልኩ መሰለኝ።

ሦስተኛው ላይ ጋቢናው ከውስጥ በቡጢ ተደበደበ። ማኪናው ቆመ። መምህር ትንፋሻቸው ተመልሶላቸዋል። ወርደው ማኪናውን ተደግፈው፣ ያስተማሯቸው ልጆች የገቡትን ቃል ከስር ከመሠረቱ አስረዱን። ሲያስረዱ እንኳ አልተቆጡም፣ እንደ ሰሌዳው ጊዜ ቀስ ብለው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ጣሪያ ሁለተኛ ጊዜ ሲገነጠል ታየኝ። በዚህ ጊዜ ንፋስ አይደለም የገነጠለው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ይቅርታ ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። ምን አልኩ መሰለህ፤ «ማንም አላየም መምህር። ከዚሁ ይነሱና ይንዱ፣ እኛ አንናገርም።» አያ ጫኔም ዓይኔ ጭጋግ ነው፣ ምንም አላየሁም አለ።

መምህር አዩኝ። እጃቸውን ዘረጉና ሻሹን ከፊቴ ላይ ዝቅ አደረጉት።

«ከጎታው ኋላ» አሉ፣ «እግርህ ይታይ ነበር።»

ሦስቱንም ጊዜ። ገባህ? እናቴ ገበያ ወርዷል ስትል እሳቸው እግሬን እያዩ ነው ጠላውን የጠጡት። እኔ እስከዛሬ ያፈርኩት ሳያውቁብኝ ያታለልኳቸው መስሎኝ ነበር፤ አላታለልኳቸውም ለካ፣ ዝም ነው ያሉኝ። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አንተ ንገረኝ፣ ተምረሃል።

ሳይክላቸውን አወረድኩላቸው። አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዞሩት። ተመልሰው ወረዱ። ማኪናው ላይ ከተጫኑበት ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ሊጀምሩ። እኔ በእግሬ ከኋላ ሮጥኩ። ባለ አህያዋ እናት መንገድ ዳር አርፈው ነበርና፣ የጫንኳቸው ሰውዬ በሳይክል ቁልቁል ሲመጡባቸው አማተቡ።

ከዚያ እንደገና ወጣን። እሳቸው እየነዱ፣ ሲደክማቸው እየገፉ፣ እኔ አጠገባቸው። እጄ ይበላኛል፣ ከኋላ አንዴ ገፋ ባደርጋቸው ምን ነበር ይለኛል። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ቆሙና ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። «ኮት ሕግ የለውም» አሉ። ኮቱን ተሸክሜ ሄድኩ፣ ከሲሚንቶ ይከብድ ነበር። ወደ ጫፉ ስንቃረብ ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩ ጠየቁኝ። ስምንተኛን ሳልጨርስ ነው አልኩ። አራዳ የማታ ትምህርት አለ፣ ሰኞ ና፣ አሉ።

እሺ አልኩ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ ጎረምሶቹ ልብስ ቀይረው ዳቦ በልተዋል፣ ከሕዝቡ ግማሹ ሄዷል። የቀሩት እልል አሉ። መምህር ማጉያውን ተቀበሉና፣ ሦስት ጠመዝማዛ በማኪና ወጥቼ ነበር፣ ተመልሼ ደግሜዋለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እምቢ ማለት አልቻልኩበትም አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ኮታቸውን አቅፌ የት እንደነበርኩ ልንገርህ? ማኪናው ኋላ። ወጥቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፣ እግሬ እምቢ አለኝ።

ቆርቆሮውማ ተመቷል። ልጆቹ ቃላቸውን አላጠፉም። አያ ጫኔ ባለፈው ሲያልፍ ከሩቅ ሲያብለጨልጭ አየሁት አለኝ። እኔ ሄጄ አላየሁትም።

ሰኞ? ምን ሰኞ። አሸዋ ሳራግፍ ውዬ እግሬን ታጥቤ ደረቅ ወንበር ላይ ልቀመጥ? ከኔ በዕድሜ ከሚያንሱ ጋር? አልሄድኩም። በሚቀጥለውም አልሄድኩም። እሳቸው ደግሞ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በዚህ በኩል ነው የሚነዱት። ከአራዳ ቁስቋም ምን ያመጣቸዋል? ሲመጡ የሳይክሉን ደወል እሰማና አሸዋው ኋላ እገባለሁ፣ እስኪያልፉ። አንዳንዴ ጎንበስ እልና እግሬን አየዋለሁ፣ ይታይ ይሆን እያልኩ።

ቆይ… ቆይማ። ደወል ነው።

አይ፣ ዛሬስ አላለፉም። ቆሙ። ሳይክሉን አጥሩ ላይ አስደገፉት። ኮታቸውን አወለቁ እልሃለሁ፣ አጥፈው ኮርቻው ላይ አደረጉት። ፎርማኑ እየሳቀ ነው፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። መሬት ሊውጠኝ ነው። ወደ ባሬላው… ኧረ መምህር፣ ይተዉ፣ ኧረ ይተዉ መምህር! …ሰማህ ያሉኝን? በሞቴ አሉኝ። ጎንበስ ብለው የፊቱን እጀታ ይዘዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ወደ ኋላ እንኳ አያዩም። ይጠብቃሉ።

ድንጋዩ ሞልቷል። ብቻቸውን አያነሱትማ።

በል፣ ስልኩን ልዝጋው።