የእትዬ ዶክተር አበቦች

ሳይጠየቅ የሚያርም ሰው ከየሠፈሩ አይጠፋም። አገር ቢለውጥ፣ ሥራ ቢለውጥ፣ አመሉን ከልብሱ ጋር አጣጥፎ ይዞት ይሄዳል።

የዚህ ወገን አለቃ ክብርት እትዬ ዶክተር ናቸው። በአገራቸው ዕድሜ ልካቸውን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው የበሽታ ተሕዋስያንን ሲመረምሩ ኖሩ። በስተርጅና ልጃቸውን ተከትለው ባሕር ሲሻገሩ ግን ማይክሮስኮፕ የሚያውሳቸው አጡ፤ ስለዚህ ያዩትን ሁሉ ከትዝታቸው እየሣሉ ጨርቅ ላይ ማተም ጀመሩ። በሠፈሩ አዳራሽ የጓሮ ክፍልም እንደሳቸው ከሩቅ የመጡ ሴቶችን ሰብስበው ሙያውን ያስተምራሉ። ጨርቁ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ክብ ክቡ፣ ጠጉራሙ፣ እንደ ዶቃ የተያያዘው! ያየው ሁሉ አበባ ይለዋል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው።

«ይቅርታ፤ ስሙን እናስተካክል» ይላሉ እትዬ። «ይህ ጆሮ የሚያመረቅዘው ነው።»

የትራስ ልብስ የመረጠች ሙሽራ ቀስ አድርጋ መለሰችው። ለአማቱ ሻርፕ ያነሳ ጎልማሳ ግን ተቅማጥ መሆኑን ሲሰማ ሁለት ገዛ።

አጠገባቸው የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ፣ ገበያተኛ በመጣ ቁጥር እግራቸውን እንድትረግጥ በሴቶቹ ተሹማለች።

«እትዬ፣ ምናለ ዝም ቢሉ? አበባ ካሉት አበባ ይሁንላቸው!»

«አበባ ቢሆን እኔስ መች ጠላሁ፣ ልጄ?»

ልብስ ሰፊዋ የምትቆጣው በከንቱ አልነበረም። የአዳራሹ ኃላፊዎች ክፍሉ ሥራ ካላገኘ ለሌላ እንደሚሰጥ ተናግረዋል። እዚህ ከመምጣቷ በፊት ደግሞ ድምፅዋን የሚሰሙት ባሏና የወጥ ቤቱ ግድግዳ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን የመዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር ለመማሪያ ክፍሎቿ ሁሉ የመጋረጃ ጨርቅ ፈልጋ መጣች። አንዱን ዳሰሰችና «እንዴት ያምራል! የምን አበባ ነው?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ባላት ኃይል ረገጠች። እትዬ ዶክተር ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይቅርታ፤ ስሙን እናስተካክል። ትክትክ ነው፤ ያ የልጆች ሳል።»

የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። ዳይሬክተሯ እጇን ሰበሰበች።

«ያኛውስ?» አለች፣ ባለ መስመሩን ከሩቅ እያሳየች።

እትዬ አንገታቸውን ደፉ። «እሱ እንኳ ዝም ብሎ መስመር ነው» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው።

«እርስዎ መስመር ነው ካሉማ መስመር ነው! ለሁሉም ክፍል ይሁንልኝ።»

ክፍሉ ተረፈ። ሴቶቹ ሲሳሳሙ እትዬ ዶክተር ብቻ ያንን የተናቀ የትክትክ ጨርቅ በመዳፋቸው እያለሰለሱ አጣጠፉት። ልብስ ሰፊዋ አየቻቸው፤ አንጀቷን በሏት።

«እሱን ለኔ ይስጡኝ» አለች።

«ምን እንደሆነ ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

እሑድ ጠዋት ባሏ ዓይኑን ሲገልጥ ፀሐይዋ በአዲሱ መጋረጃ አልፋ መኝታ ቤቱን አቅልማዋለች።

«ውይ፣ ማማሩ! የምን አበባ ነው?»

«ትክትክ ነው፤ ተኛ።»