ሁለት ዓይን ያላቸው ጭላዳዎች

«ኑሮዬን ላቅልል» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ሰዓሊው የቁስቋም ጎረቤቴ፣ ጣሊያን ትቶት ከሄደው ፒያሳ የሚመጣው ጫጫታ አላሠራ አለኝ ብሎ፣ ዓመት ሙሉ አውሬ እያየ ሊሥል ስሜን ተራራ ወጣ። ያረፈው አያ ጥሩነህ ከሚባሉ ገበሬ ቤት ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጠይቀው ሄድሁ። የአያ ጥሩነህን ጋቢ ተከናንቦ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች የአያን ገብስ ሲግጡ ቁጭ ብሎ ያያል። እሳቸው ድንጋይ እንደያዙ ቆመዋል።

«ምነው አያባርሯቸውም አያ?» አልኋቸው።

«እየሣልኋቸው ነው፣ አትንኩብኝ አለን። እንግዳ ማስቀየም ደግሞ ነውር ነው።»

«እዚህ ኑሮ ምንኛ ቀላል ነው» አለኝ ሰዓሊው። እውነቱን ነው፤ የሚከብደውን ሌላ ሰው ተሸክሞለታል።

ሥዕሉን ዘረጋልን። መቼም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይታችኋል፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎን ባንድ ዓይኑ ይሣላል። በዚህኛው ሥዕል ጭላዳዎቹ ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ከዳር ድንጋይ የያዘ ገበሬ ቆሟል፤ ዓይኑ አንድ ብቻ ነው።

አያ ጥሩነህ ጠጋ ብለው አዩት። ድንጋዩን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«ሸጋ ነው» አሉና፣ የቀረችውን ገብስ ለእንግዳው ሊያስቆሉለት ወደ ቤት ገቡ።