መኪና እንደ በሬ ሲገዛ

የሰው መኪና ድምፅ የለውም። እውነቴን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ላሊበላ ውስጥ የአንድ ሆቴል ሾፌር ሆኜ ስሠራ ያ ነጭ መኪና አንድም ቀን ሲያቃስት ሰምቼው አላውቅም። አሁን ግን ቆሞ እንኳ ይሰማኛል። ምን መጣ አትሉም?

መኪናው የሆቴሉ አይደለም። አዲስ አበባ ካለ አከራይ ድርጅት በሊዝ የመጣ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ወይ ይገዛል፣ ወይ ይመለሳል። ሆቴሉ ደግሞ እንግዳ ከጠፋ ወዲህ እንኳን መኪና አምፖል መግዛትም አቁሟል። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና፣ ከፈለግህ አንተ ግዛው፣ ሁለት ሳምንት አለህ አለኝ። ካልገዛሁት ይሄዳል፤ ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። ገዝቼው መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ ለልጆቹ ብለን ያስቀመጥናት ገንዘብ ሁሉ አብራ ትቀራለች። ፈራሁ።

ባለቤቴ፣ አምስት ዓመት የነዳኸው አንተ፣ የምታውቀው አንተ፣ ታዲያ ምን ያስፈራሃል አለችኝ። ማወቄ ነው የሚያስፈራኝ እንዴት ልበላት? የብልሽት መዝገቡን ከቢሮ አምጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ፍሬኑ ይጮኻል» ይላል አንዱ። ያን ቀን የአጎቴ ተዝካር ነበር። «ማርሹ ይዘላል።» ይኼ የሠርግ ይመስለኛል። «ሞተሩ ያለ ልክ ይሞቃል።» ይኼስ? ሠርግ ነበር ወይስ እውነት ሞቆ ነው? አላስታውስ አልኩ። ለእረፍት ብዬ የጻፍኩት ውሸት ሁሉ ዞሮ እኔኑ ያርበደብደኝ ገባ። እውነተኛው ብልሽት ግን መዝገቡ ላይ የለም። እሱን ለአለቃዬም ለሚስቴም ተናግሬ አላውቅም።

በመጨረሻ አማቴን አማከርኩ። ጋሼ ሞላ የሚኖሩት ብልባላ ነው። እዚያ በሬ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ሳይዝ ገበያ አይወጣም። መጡ። መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። ኮፈኑን አስከፍተው ጥርስ የሚያዩ ይመስል ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ የበሬውን ሥርዓት አመጡብኝ። በእኛ አገር በሬ ሲገዛ ነውሩ የሚጠየቀው ባለቤቱ አይደለም፤ ባለቤት ይደብቃል። የሚጠየቀው እረኛው ነው።

«የዚህ እረኛ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ነውሩን ተናገራ። ይወጋል? ይተኛል?»

አምና ነው ነገሩ። ሆቴሉ ሳያውቅ የጋሼ ሞላን ገብስ ጭኜ፣ እሳቸውን ከጎኔ አስቀምጬ ከብልባላ ስመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብረግጥ እግሬ ወለል ነካ። መኪናው በረረ። ማርሽ ቀንሼ ቀንሼ፣ ስንት ታቦት ጠርቼ፣ ቁልቁለቱ አልቆ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ቆመልኝ። በማግስቱ ተደብቄ ለመካኒክ ባሳየው የፍሬን ዘይት ጨመረና ምንም የለበትም አለኝ። ምንም የለበትም እንደተባለ መኪና የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። እና አሁን ለእኚህ ሽማግሌ፣ ያን ቀን ልገድልዎ ነበር ልበላቸው?

«ነውር የለበትም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጋሼ ሞላ ከዘራቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔስ መች አጣሁት። ያን ለታ ገብሱን ይዘን ቁልቁለቱን እንዴት ነበር የከነፈው። እንዲያ ያለ እግር ያለው ከብት አይታለፍም፣ ልጄ። ግዛው።»

ለካ እሳቸው ብልባላ ገበያ ላይ፣ የእኔ አማች እንዲህ ነው የሚነዳ፣ ሲሉ ነው የከረሙት። ለካ የሚመክሩኝ በዚያው በነውሩ ነው።

ገዛሁት። መጀመሪያ ያደረግኩት ፍሬኑን ከነሥሩ ማስቀየር ነው። መካኒኩ የድሮውን ፈትቶ አየና ጥግ ወረወረው። ምን እንዳየ አልጠየቅሁትም። አሁን ያንን ቁልቁለት የምወርደው በአንደኛ ማርሽ፣ አህያ እየቀደመኝ ነው። ፍርሃቱ ግን ከመኪናው አልወረደም።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ሞላን ይዤ ስወርድ የሚቀድሙንን አህዮች ሲቆጥሩ ቆዩ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝና በጣም አዝነው፣ «ልጄ፣ ለውጠውብሃል» አሉኝ። «ይኼ ያ መኪና አይደለም።»